የተሰነጠቀው ባላ

ገበቴው አሁን እኔ ቤት ነው ያለው። ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ በሚስማር ሰቅዬዋለሁ። አብረውኝ የሚያስተምሩ መምህራን ሲመጡ፣ በተለይ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት፣ ቀና ብለው ያዩትና «አቤት! ባህላዊ ዕቃ ትወዳለህ ማለት ነው» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ? አንዱማ ባለፈው «ሽጥልኝ» አለኝ። ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁና ሲወጣ በሩን በላዩ ላይ ደረገምሁት። ሰውዬው ምን በደለ? ምንም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደኅና ሰላምታ ሰጥቼው አላውቅም።

ገበቴው የወንድሜ ነው። ወርቅ ያጠበበት።

አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልለየሁም ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ግን ሞፈር የሚጨብጥ ጎረምሳ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። መንደራችን ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ሲወርዱ ከመኪናው መንገድ ገባ ብላ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ያለች ናት። እሱ እያረሰ እኔን ቄስ ትምህርት ቤት ሰደደኝ። ዲቁና ልቀበል ስሄድ ስንቄን ተሸክሞ አብሮኝ የተጓዘ እሱ ነው። በኋላ የአስኳላው ትምህርት ጎተተኝና ቅዳሴውን ትቼ መምህር ሆንሁ፤ ደብረ ታቦር ከተማ ገባሁ፤ ሸሚዜን ማስተኮስ ጀመርሁ። ለወንድሜ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ዲያቆን ነበርሁ። እሱ ማንበብ አያውቅም፤ ስልክ እንኳ የምትደውልለት ሚስቱ ናት። እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ሰው በተሰበሰበበት «የኛ ቤት ሊቅ መጣ!» ይለኝ ነበር። አፍራለሁ እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ሚስቱን የዳሯት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። በኛ አገር ሙሽራ ለባሏ ዘመዶች ስም ታወጣ የለ፤ እኔን «የኔ ዲያቆን» አለችኝ። እኔም «እታለም» አልኋት። ከዚያ ወዲህ በእናት በአባቷ ስም ጠርቻት አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ልጅ አልወለዱም። ጠበሉም፣ ሐኪሙም፣ የአዋቂ ሥራሥሩም ተሞከረ። በመጨረሻ ለኅዳር ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሊሳሉ ቆሙ። ሰው መቼም የሚሳለው አቅሙን አይቶ ነው፤ ጥላ ይላል፣ መጋረጃ ይላል፣ ያጣ ጧፍ ይላል። ወንድሜ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እመቤቴ ማርያም፣ ልጅ ብትሰጪኝ ለሥዕልሽ የወርቅ ቀለበት አስገባለሁ!» ያውም በጩኸት፤ ዙሪያውን የቆመው ምእመን ሁሉ ዞሮ አየው።

እታለም ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። «ጋቢውን ጎተትሁት እኮ! አንተ ሰው፣ ጥላ በል፣ ጥላ! እለዋለሁ። እሱ እቴ! ወርቅ ማለት ዕንቁላል መሰለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ላድርገው?»

ዓመቱ ሳይዞር ሴት ልጅ ተወለደች። ደስታውን ልናገረው አልችልም። ወንድሜ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይስቅ ነበር፤ በሬዎቹን ሳይቀር አቅፎ ይስማቸዋል ብለው ጎረቤቶቹ አሙት። ስለቱን ያነሣ የለም። ድኻ ነው፣ እመቤታችንም ታውቀዋለች፣ ቀስ ብሎ ያስገባዋል ተባለና ታለፈ።

ልጅቱ ድክ ድክ ስትል ሳል ያዛት። ጤና ጣቢያ ሽሮፕ ሰጧት፣ ተሻላት። ደግሞ ያዛት፣ ደግሞ ተሻላት። ሳል የማይዘው ሕፃን የት አለ? እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ገባሁ ወጣሁ እያልሁ የጭሱን ነገር፣ የብርዱን ነገር አስረዳሁ። ማን ሰምቶኝ! እታለም ያ ሳቋ ጠፋ። «ስለቷ ነው» አለች። «የተሳልነውን አላገባንም። የሰጠችን መልሳ ብትወስዳት ምን አፍ አለን?» ልጅቱ ባስነጠሰች ቁጥር ባልና ሚስት ይተያያሉ። ቀለበቱ ከዚያ ወዲህ ጌጥ መሆኑ ቀረ። የልጃቸው ነፍስ ሆነ።

ወንድሜ አንድ ቅዳሜ ገበያ ውሎ ወደ እኔ ቤት መጣ። ጤፍ ተሸክሞልኝ፣ ላቡን እየጠረገ። ያኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖር፤ ሶፋ ልገዛ ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋ ላይ ማስቀመጥ አሳፍሮኝ። ወንድሜ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ዱላውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየና፣

«አንተ ዲያቆን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «የስለት ወርቅ፣ እንዲያው፣ ከሱቅ በተገዛ ወርቅ ይሆናል? ወይስ የተሳለው ሰው ራሱ ነው ከመሬት ሊያመጣው የሚገባ?»

የኛ አገር ሰው ስጠኝ አይልም። ታላቅ ወንድም ታናሹን ገንዘብ ከሚጠይቅ ሞቱን ይመርጣል። ጥያቄውን እንዲህ አዙሮ ማምጣቱ ለኔ ክብር ብሎ ነው፤ «ይሆናል» ካልሁ ቀሪውን እኔው እንድጨርሰው። ገብቶኛል። ወዲያው ነው የገባኝ። መልሱንም አውቀዋለሁ። ጥላ የተሳለ ሰው ጥላውን ራሱ ይሰፋዋል? ገበያ ወጥቶ ገዝቶ አይደል የሚያስገባው? ይህን ለማወቅ ዲያቆን መሆን አያስፈልግም።

«ስለትማ ከገዛ ላብ ሲሆን ነው የሚሠምረው፣ ጋሼ» አልሁት። ሁለት ሦስት የግዕዝ ቃል ጣል አደረግሁበት። ሶፋው በዓይኔ ላይ ነበር።

ወይ ነዶ! እንኳን ሊቀየም ፊቱ በራ። «እንዲህ ነው እንዴ! እንግዲያስ እመቤታችን መንገዱን አሳይታኛለች» አለና በደስታ ይተርክልኝ ጀመር። መተከል ወርደው ለብዙ ዓመት ወርቅ ሲያጥቡ ኖረው፣ በግርግሩ ሰሞን ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አንድ ጎረቤታችን አሉ። እሳቸው ከመንደራችን በታች ባለችው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጥቁር ነገር አይተው፣ «ይህ ያለበት ቦታ ወርቅ አይጠፋም» ብለውታል። ሰው ሁሉ ስቆባቸዋል። ወንድሜም የመጣው፣ ከሱቅ የሚገዛ ከሆነ ሊተወው፣ ከመሬት የሚወጣ ከሆነ ሊቆፍር ነው። ቢያንስ ለኔ እንደዚያ አለኝ። ስሸኘውም ተሰናብቶኝ ሲሄድም ፊቱ ላይ ቅሬታ አላየሁበትም። ቅር ቢለው ኖሮ በወደድሁ።

ሶፋውን ገዛሁ።

ለፋሲካ ስወርድ ወንዙን ሄጄ አየሁ። ለነገሩ ወንዝ ከምላት ጅረት ብላት ይሻላል፤ በበጋ አንድ ርምጃ የማትሞላ ናት። ወንድሜ ከዳርቻው ያለውን ገደል ሥር ሥሩን ቆፍሮ ጎድጓዳ ጓዳ አስመስሎታል። ወርቁ ከላይ ካለው አፈር ውስጥ አይደለም፤ ከሥሩ፣ ከአለቱ ላይ የተኛ የጠጠር ንጣፍ አለ፣ እሱ ውስጥ ነው። ጠጠሩን ተከትሎ መግባት ነው እንግዲህ። ጎረቤታችን ጉድጓዱን ሲያስጀምሩት ብዙ አላስተማሩትም፣ አንድ ነገር ግን ደጋግመው ነግረውታል፦ «ጣሪያውን በባላ ሳትደግፍ ጭንቅላትህን አታስገባ። መተከል ስንቱን ጎበዝ አፈር ሲበላው አይቻለሁ።» እሱም ቃላቸውን አክብሮ መንታ ጫፍ ያለው ወፍራም የባሕር ዛፍ ባላ ፊትና ኋላ አቁሞበታል።

ጠጠሩን በጆንያ እያወጣ ገበቴው ላይ ያፈሳል፤ ውሃ ያገባበትና ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፤ ጠጠሩ ይሄዳል፣ አሸዋው ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ጥቁር ዳር ዳሩን አንዳንድ ጊዜ አንዲት ቢጫ ነገር ብልጭ ትላለች። ከጤፍ ታንሳለች። ወንድሜ ጣቱን በምላሱ ያርስና ያነሣታል።

«ታየችህ? ታየችህ?»

«የታለች?»

«እቺ! ዓይንህን ጥቁር ሰሌዳ አፍዝዞታል እኮ!»

በዚያች ወንዝ ዳር እንደዚያ ሲስቅ መስማት ደግ ነበር። ሥራውን እስከ ምሳ ድረስ የሚሠራ ሳይቀምስ ነው፣ የእመቤታችን ነውና። እዚያ ሆኖ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ እጁን ድንጋይ ሲጨፈልቀው እንኳ «እሰይ» ነው የሚል። እታለም ልጅቱን አዝላ ምሳ ይዛለት ትመጣለች፤ ልጅቱን ውሃው ዳር ታስቀምጣታለች፤ እሷም በእጇ ታንቦጫርቃለች። ያቺን ቢጫ ነገር የሚያጠራቅምበት ዕቃ አጥቶ በጨርቅ ሲቋጥር አየሁና ቀዩን እስክሪብቶዬን ፈትቼ ቀፎውን ሰጠሁት። ታቹን በጥጥ ደፈነው። ጎረቤታችን ከሥሩ ሁለት ጥፍር ያህል ለክተው ክር አሰሩበት። «እዚህ ድረስ ሲሞላ ቀለበት ይወጣዋል» አሉ።

በክረምቱ ወንዙ ሞላ፣ ሥራው ቆመ። እስከ ክሩ ግማሽ የደረሰውን ቀፎ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮት ከረመ። ከመስቀል በኋላ ተመልሶ ገባ። ልጅቱ በክረምቱ ሁለት ጊዜ ታማ ነበርና አሁን እንደ ቀድሞው እያረፈ አይሠራም። ለኅዳር ጽዮን ላድርስ አለ፤ በተሳለበት በዓል ቀን። የሚያስፈራው አፈሩ ገና ውሃ እንደያዘ መሆኑ ነው። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው፣ ያኔ ማን አስቦት።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ስልክ ተደወለልኝ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። እኔ አዲሱ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። መንደራችን ኔትወርክ የለም፤ ወንድሜና እታለም ለመደወል ኮረብታው ላይ ይወጣሉ። ነፋሱ ይሰማኛል።

«የኛ ቤት ሊቅ! እንዴት ዋልህ?»

«ደኅና፣ ጋሼ። ልጅቱስ?»

«እግዜር ይመስገን፤ ትንሽ ሳል ብጤ ናት። ስማኝማ፤ ክሩ ጋ ልደርስ ምንም አልቀረኝ፣ የስንዴ ቅንጣት ታህል ናት የቀረችኝ። ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው። ጎረቤቱም ሁሉ በዓል ነው የሚውል። ልጠብ ወይስ ይቅር?»

በኛ አገር በሚካኤል ምድር አይቆፈርም፣ አይታረስም፣ ምሳር አይነሣም። ይህን እሱም ያውቃል። የጠየቀኝ መውጫ ፈልጎ ነው። እኔም ቀዩን እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ ሳላነሣ መውጫውን አበጀሁለት። እንዲያውም መልሴን ራሴ ወደድሁት።

«ለእመቤታችን የሚሠራ እኮ ሥራ አይባልም፤ አገልግሎት ነው። ግባና ጠጠርህን አውጥተህ እጠብ፤ ምንም የለበትም።»

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ መማር።» ሊዘጋው መስሎኝ ነበር። «የፊተኛው ባላ ግን ተሰንጥቋል። ጠዋት አንድ ባሕር ዛፍ ቆርጬ ልለውጠው?»

«አይ! እንጨት መቁረጥማ ሥራ ነው። በሚካኤል ምሳር ይነሣል እንዴ፣ ጋሼ?»

«አሁን ሮጥ ብዬ ብቆርጠውስ?»

«ፀሐይ ጠልቃለች፤ በዓሉ ገብቷል። ተወው፣ ከነገ ወዲያ ትለውጠዋለህ።»

«እሺ» አለኝ። «እሺ የኔ ሊቅ። አንተ ካልህ።»

ልብ በሉልኝ። ጉድጓዱ ግባ አልሁት፣ ጉድጓዱን የሚደግፈውን እንጨት አትቁረጥ አልሁት። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። አንዱን አገልግሎት፣ ሌላውን ሥራ ብዬ ለየሁለት። እንዲህ ያለውን ሞት እኛ ካልሆንን ማን ይሞተዋል? ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ከነጭራሹ አይገባም፣ ወይ ባላውን ለውጦ ይገባል። የኛ ሰው ግን የሚጠይቀው አለው፤ የሚመልስለትም አላጣም። ስልኩን ዘግቼ እርማቴን ቀጠልሁ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን ደወሉ። «ና» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። እሳቸው ሲደውሉልኝ የመጀመሪያቸው ነው።  መኪና የለም፤ ቀኑም በዓል ነው፣ መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። በባጃጅ ጥቂት ሄድሁና የቀረውን በእግሬ ያዝሁት። ስሮጥ ስራመድ፣ ስሮጥ ስራመድ፣ እግሬ ደም አዝሎ ስደርስ ቀብረውታል። የሚካኤልን በዓል ያከበረው ሰው ሁሉ በነጠላው፣ በጋቢው፣ ከታቦቱ በቀጥታ ነው የመጣለት። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ አፈር አልብሰውታል፤ ፊቱን አላየሁትም።

ጎረቤታችን ይዘውኝ ወደ ወንዙ ወረዱ። ባያሳዩኝ ምን ነበረበት! ጫማው ውጭ ተቀምጧል፣ ጎን ለጎን። ጋቢው ታጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ገበቴው ሞልቶ ነው፤ አንዱን ጆንያ አውጥቶ አፍስሶበት፣ ሳያጥበው ለሌላው ተመልሶ ገብቷል። ባላው ከስንጥቁ ላይ እንክት ብሏል። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ ድምፅ የሰማ የለም፤ እታለም ምሳ ይዛ ስትደርስ ነው ያየችው። በጥፍሯ ቆፍራለች። አንደኛው ጥፍሯ እስከ ዛሬ ደኅና ሆኖ አልበቀለም።

«ምነው ባላውን ሳይለውጥ ገባ?» አሉ ሽማግሌው፣ ለኔም ለራሳቸውም። «ነግሬው ነበር እኮ! ምሳሩንም ቤት ትቶት ነው የመጣ። ምን ነካው?»

ጎንበስ ብዬ ጠጠሩን ደፋሁና ገበቴውን አነሣሁ።

እታለም ሦስተኛው ቀን ላይ ቀፎውን ከማተቡ ፈትታ ሰጠችኝ። «በአንገቱ ነበር» አለች። «የኔ ዲያቆን፣ ለጽዮን ማርያም አድርሰው። ልጄን እንዳታሳጣኝ። እሱን ወሰደችው፣ እሷን ትተውልኝ።» ከክሩ በታች የቀረችው ባዶ ቦታ እውነትም የስንዴ ቅንጣት ታህላለች።

ደብረ ታቦር ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰድሁት። ሰውዬው ጥጡን ነቅሎ ሚዛኗ ላይ አፈሰሰው፤ በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። እውነተኛ ወርቅ ነው አለ። እንዲያውም «ከየት ነው? ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ባዶውን ቀፎ አንሥቶ ክሩን አየው።

«ይህን ምን ብላችሁ ነው ያሰራችሁት?»

«ለቀለበት እስከዚያ ድረስ ይሞላ ተብሎ።»

«ኧረ ለቀለበት ግማሹ ይበቃል! ማነው እንዲህ የለካላችሁ? ከዚህ ሁለት ቀለበት ይወጣል» አለኝ። የምሥራች የነገረኝ መስሎት ነበርና ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። ግማሹ የሞላው ከክረምት በፊት ነው። ያኔ በአንገቱ ነበረ። ሽማግሌውን ምን እላቸዋለሁ? እሳቸው ሚዛን የላቸው፣ በዓይናቸው ነው የለኩት። እኔ ግን ሚዛን ካለበት ከተማ ነው የምኖር። አንድ ቀን «ቀፎውን አምጣውና ላስመዝንልህ» ብዬው አላውቅም።

ለኅዳር ጽዮን ቀለበቱን ይዤ ወረድሁ። እታለም ጥቁር ለብሳ፣ ልጅቱን አዝላ፣ አብረን ሄድን። ስለት ሲገባ እልል ይባላል፤ ያን ቀን እልል ያለ አልነበረም። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ። የወንድሜ የነፍስ አባት፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ቀለበቱን በነጭ ጨርቅ ተቀበሉ።  ሥዕሏ ላይ አሰሩትና ከመቅደሱ ደጅ ወጥተው አጠገባችን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት።

«ምነው እኔን ሳይጠይቀኝ?» አሉ። «ከአቅሙ በላይ ቢሳል እኔ አባቱ አልነበርሁም? እፈታው ነበር እኮ! በጥላ እለውጥለት ነበር፣ በጧፍ እለውጥለት ነበር። ደግሞስ ከሱቅ ቢገዛው ማን ከለከለው? በእጅህ ቆፍረህ አምጣ ብሎ ማን አዘዘው? በሊቀ መላእክት ቀን ጉድጓድ ግባ ያለውስ ማነው? ማነው እንዲህ ብሎ የነገረው?»

ይህን ሲሉ የሚያዩት መሬቱን ነው፣ እኔን አይደለም። አጠገባቸው ቆሜያለሁ።  እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እታለም ቀደመችኝ።

«ማንም አልነገረውም፣ አባ» አለች። «የራሱ ነገር ነው። ያውቁት የለ፣ ግትር ነበር።»

ወንድሜ ግትር! በዕድሜው አንድ ቀን ግትር ሆኖ አያውቅም። ያሉትን የሚሰማ፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ፣ የታናሽ ወንድሙን ቃል ከወንጌል የማይለይ ሰው ነበር። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኗት። ያ ሁሉ ምእመን አመናት። በሕይወት ሳለ የሚያፍርበት ነገር ያልነበረውን ሰው ከሞተ በኋላ ስሙን አጠፋንበት፣ እሷ በቃሏ፣ እኔ በዝምታዬ። እሷስ ለኔ ብላ ነው። እኔ ለማን ብዬ ነው?

ስንመለስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ወንዟን ልንሻገር ስንል ቆም አለችና፣ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ያን ቀን ስልኩን ላውድ አድርጌለት ነበር። አጠገቡ ነበርሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

«ባለማወቅህ ነው» አለች። «ከልብህ ክፋት የለም፣ አውቅሃለሁ፤ ልጅ ሆነህ ነው የማውቅህ። ባለማወቅ የተናገሩትን እግዜርም ይፈታል፤ እኔም ፈትቼሃለሁ። ብቻ የኔ ዲያቆን፣ ከእንግዲህ የማታውቀውን ሲጠይቁህ አላውቅም በል። አላውቅም ማለት አያሳፍርም።»

የስልኩን ነገርስ ይሁን። የሰንጣቃ ባላን አደጋ አላውቅም ነበር፤ ጉድጓድ ገብቼም አላውቅ። የፊተኛውን ግን፣ ያን ቅዳሜ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ዱላውን እያሽከረከረ የጠየቀኝን ግን፣ አውቅ ነበር። እሷ እሱን አልሰማችም። ያን የሰማነው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ይሆናል ብለው፣ ከሱቅ ይገዛል ብለው፣ በማግሥቱ ገንዘቤን ይዤ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ብሄድ ኖሮ፣ ወንድሜ ዛሬ ጤፉን ያጭድ ነበር።

ልነግራት ወሰንሁ። እውነቴን ነው፣ ቆርጬ ነበር። «እታለም» አልሁ። በዚያው መሐል ልጅቱ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ትስል ጀመር፤ ያን የታወቀ ደረቅ ሳሏን፣ ሦስት ጊዜ። ወትሮ ቢሆን እታለም ፊቷ አመድ ይሆን ነበር። አሁን ግን እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ መታ መታ አደረገቻትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለቻት። «አባትሽ ስለትሽን አግብቶልሻል። አሁንማ ምንም አትሆኚም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ልትለኝ ነበር?»

«ምንም» አልኋት። «እሺ ልልሽ ነው። ከእንግዲህ አላውቅም እላለሁ።»